«ካሳ» ወይስ «ድጋፍ»፦ ከሚክሰር ኋላ ሆኜ የሰማሁት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ ኃላፊነት ገመድ መጠበቅ ነበር። ጋሽ ታደሰ በደሴ ከተማ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ድምፅ ማጉያ የሚያከራዩ ሰው ነበሩ፤ ለሰርግም ለስብሰባም ይጠራሉ። አንድ የገበሬዎች ስብሰባ ላይ ወሰዱኝና ከአምፕሊፋየሩ እስከ መድረኩ የተዘረጋውን ገመድ አሳይተው «እዚህ ቁም። የሰው እግር እንዳይጠልፈው። ሌላ ሥራ የለህም» አሉኝ።

ቆምኩ። አንድ ገበሬ ማይክ ተቀብሎ ስለ መሬት ድልድሉ መናገር ጀመረ። ነገሩ ሲከር ሰብሳቢው ጆሮውን በጣቱ ነካ። ጋሽ ታደሰም ማዞሪያውን ቀስ እያሉ ወደ ግራ አዞሩት። የገበሬው ድምፅ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ሰውየው ማይኩን ነቀነቀው፣ እፍ አለበት፣ ከዚያ «ይቅርታ፣ ጉሮሮዬ ነው መሰለኝ» ብሎ ተቀመጠ።

ዕቃ ስንጭን «ጋሼ፣ ማይኩ ምን ሆኖ ነው?» አልኳቸው።

«ማይኩ ምንም አልሆነም» አሉና ገመዱን ክንዳቸው ላይ መጠቅለል ቀጠሉ። ጠቅልለው ሲጨርሱ «ይመር፣ ጠርጥር፤ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር። በዚህ ሥራ መጀመሪያ የምትጠረጥረው የገመዱን መሰኪያ፣ ጃኩን ነው። ቀጥሎ መብራቱን። ቀጥሎ ሰብሳቢውን» አሉኝ።

«እርስዎንስ?»

ሳቁና የተጠቀለለውን ገመድ አሸከሙኝ።

በኛ ሥራ ማዕረጉ አጭር ነው። መጀመሪያ ገመድ ትጠብቃለህ። ቀጥሎ መለከት የሚመስለውን ድምፅ ማጉያ፣ እኛ ሆርን የምንለውን፣ ዛፍና ምሰሶ ላይ ትሰቅላለህ። ከዚያ ትልቁን የሳጥን ድምፅ ማጉያ፣ ሞንታርቦውን፣ ትሸከማለህ፤ ወገብህ እንዳይቀጭ ከጉልበትህ ማንሣት የምትማረው ያኔ ነው። በመጨረሻ ሚክሰሩ ላይ ትቀመጣለህ። ሚክሰር ላይ የተቀመጠ ሰው የሁሉንም ድምፅ በጣቱ ይዟል፤ ማንም ግን ፊቱን አያየውም። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ነው ያረጀሁት። ጋሽ ታደሰ ሲያርፉ ሱቁን ከልጆቻቸው ተረክቤ ቀጠልኩ።

ደሴ ላይ ጠላትህ ጉሙ ነው፤ ማይክ ውስጥ ገብቶ ያንኮሻኩሻል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ ስትገባ ደግሞ ሙቀቱ አምፕሊፋየሩን ያተኩሰዋል። ቢስቲማ ገበያ ላይ አህያ ገመድ ይረግጣል። አይጥ በሁሉም አገር ገመድ ይበላል። ለዚህ ነው የተበጠሰ ገመድ የምበይድበት ካውያዬና የምጠቀልልበት ናስትሮዬ ከኪሴ የማይጠፉት። ማይክ ስፈትሽ እንደ ሌሎቹ «ሄሎ ሄሎ» ብዬ አልጮህም፤ እንደሚያፍር ሰው በቀስታ ነው የማወራው። የሚጮህ ሰውማ ማይክ ምን ያደርግለታል?

ሚስቴ «አንተ ሰውዬ፣ ጸሎት ላይ እንኳ ካህኑን ትጠረጥራለህ» ትለኛለች። ካህኑን አልጠረጥርም፤ ማይካቸውን ግን እጠረጥራለሁ።

አሁን ወደማወራው ነገር ልግባ። ከአዲስ አበባ የምክር ቤት ኮሚቴ ይመጣል፣ ድምፁን አንተ ትሠራለህ ተብዬ የተጠራሁት ሱቁን ልዘጋ እያሰብኩ ሳለ ነው። ጉዳዩ ምንድን ነው ስል፣ አዲስ ሕግ ሊወጣ ነው አሉኝ። ሊታከሙ ገብተው በሕክምናው ምክንያት በበሽታ ለተያዙ ሰዎች ነው ሕጉ። ምክር ቤቱ ከማጽደቁ በፊት የሕዝቡን አስተያየት ሊሰማ ፈልጓል።

ደሴ የተመረጠችው በአንድ የኮምቦልቻ ክሊኒክ የተነሣ ነው። ስሙን አልጠራም። ጥርስ መንቀያው በወጉ ሳይቀቀል ካንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ሲዞር ከርሞ፣ ጥርሳቸውን ሊገላገሉ የገቡ ሰዎች የጉበት ቫይረስ ይዘው ወጡ። የኛ ሰው የወፍ በሽታ ይለዋል። ነገሩ ሲሰማ ክሊኒኩ ተዘጋ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ቀለም ተቀብቶ፣ ሌላ ታፔላ ሰቅሎ ተከፈተ። በሩ ላይ የሚቆመው ዘበኛ ያው የድሮው ነው።

«የሕዝቡን አስተያየት ሊሰማ» ሲባል እኔ ወዲያው ነው የምጠረጥረው። ብዙ ጊዜ ሰሚዎቹ የሚናገሩትን ነገር አስቀድመው ጽፈውት ይመጣሉ። ሕዝቡ የሚጠራው ወንበር እንዲሞላ ነው። ይህም ያው ይሆናል ብዬ ሥራውን ተቀበልኩ።

ስብሰባው ሲቃረብ አንዲት ሴት ሱቄ መጣች። በሻርፗ ግማሽ ፊቷን ሸፍናለች፤ የሚታየው ግማሹ ገርጥቷል።

«አሰላሙ አለይኩም። ማይክ እሚያከራዩት እርስዎ ነዎት?»

«ወአለይኩም ሰላም። ለሰርግ ነው?»

«ኧረ የምን ሰርግ! ልለማመድበት ነው።»

ከድጃ ትባላለች። አባቷ ቢስቲማ ነው የሚኖሩት፤ የተዳረችው ግን ደጋን ነበር። ኮሚቴው ፊት እንድትናገር ስሟ ተይዟል። ማይክ ጨብጣ ስለማታውቅ ድንገት ሲጮህባት ደንግጣ ነገሯ እንዳይጠፋባት ፈርታለች።

እኔ ግን ጠረጠርኩ። የሰው ቁስል ይዞ የሚነግድ ሞልቷል። «ማን ላከሽ?» አልኳት። «ጠበቃ ነው? ማኅበር ነው?»

«ወላሂ ማንም አላከኝ። አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ‹ማይክ ያለው ሰው የት ነው› ብዬ ጠይቄ መጣሁ።»

የሚያለቅስ ሰው ሲያጋጥመኝ እንባውን ትቼ አጠገቡ የቆመውን ነው የማየው። ከድጃ አላለቀሰችም፤ አጠገቧም ማንም አልነበረም። በሩ ድረስ ወጥቼ መንገዱን አየሁ። የሚጠብቃት መኪና የለም። ገብቼ ማይኩን ሰካሁላት።

«ካፍሽ አንድ ስንዝር አርቂው። ወደ ድምፅ ማጉያው አታዙሪው፣ ያፏጫል። በይ ተናገሪ።»

«ካሳ» አለች። የራሷ ድምፅ ሱቁን ሲሞላው ደንግጣ ወደኋላ አለች፤ ከዚያ ሳቀች። «ያረቢ! እንዲህ ነው እንዴ ድምጤ?»

ለምን በዚያ ቃል እንደ ጀመረች ጠየቅኳት። ማይኩን እንደያዘች ነገረችኝ።

«ሐኪም ቤት የገባሁ ከባሌ ጋር ነው። ሐኪሙ ‹ይህ በሽታ በደምም ይተላለፋል፣ በግንኙነትም ይተላለፋል› አለ። ባሌ ያችን ሁለተኛዋን ብቻ ሰማ። ቤተሰቡ ደሞ የወፍ በሽታ በጥርስ አይገባም አሉ። ‹ከማን አመጣሽው?› ብለው ከነልብሴ ላባቴ ሰደዱኝ። ልጄን አስቀሩብኝ።»

«ታዲያ ኮሚቴው ልጅሽን አያመጣልሽ።»

«አያመጣም። ቃሉን ያምጣልኝ። ረቂቁ ላይ ‹ድጋፍ› ነው እሚለው አሉኝ። ድጋፍማ ለሚስኪን እሚሰጥ ነው፤ በዳይ የለውም። ካሳ ካሉ ግን በዳይ አለው። በዳይ ካለ ደሞ እኔ አይደለሁማ፣ ጋሽ ይመር! ወረቀቱን ይዤ ደጋን እገባለሁ። ‹ይኸው መንግሥት ካሳ አለው፣ በዳዩ ሌላ ነው› እላቸዋለሁ። ልጄን በምን ይከለክሉኛል?»

የወሎን እርቅ ለማያውቅ ሰው ይህች ሴት በቃል የምትጣላ ይመስለዋል። በኛ አገር ደም ሲፈስ አበጋር ይጠራል፤ አበጋር ማለት በዘሩ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አስታራቂ ሽማግሌ ነው። አበጋሩ ዘንድ ነገር የሚጀመረው በካሳ አይደለም። አስቀድሞ በዳዩ ይቆምና በሰው ፊት «አጥፍቻለሁ» ይላል። ካሳ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ያንን ሳይል እጁን ወደ ኪሱ የሰደደ ሰው ምጽዋት ሰጠ እንጂ ካሰ አይባልም። ከድጃ የፈለገችው ያንን «አጥፍቻለሁ» ነው፤ እሱን ማግኘት ካልቻለች ቢያንስ የእሱን ጥላ።

ልምምዷን ጨርሳ ስትሄድ «አላህ ይስጥልኝ፣ ጋሽ ይመር» አለችኝ። ያኔም ግማሽ ልቤ እየጠረጠራት ነበር።

በማግሥቱ ገመድ ልገዛ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ከረባት ያሰረ፣ ጫማው አቧራ ያልነካው ጎልማሳ የገመድ ሻጩ ሱቅ በር ላይ «ጋሽ ይመር አይደሉም?» ብሎ ያዘኝ። ሻይ ካልጋበዝኩ አለ። የማላውቀው ሰው ሻይ ሲጋብዘኝ ስኳሩን ራሴ ነው የምጨምረው።

ስለ ሙቀቱ አወራ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ አወራ። ከዚያ «እነዚህ ዕቃዎች ግን አንዳንዴ ያስቸግራሉ አይደል?» አለኝ።

«ያስቸግራሉ።»

«አንዳንድ ሰው ሲናገር... ለምሳሌ አንዲት ሴት ስሜታዊ ሆና የሰው ስም ብታጠፋ፣ ያኔ ድምፁ ቢያስቸግር ማንም በእርስዎ አይፈርድም። ደግሞ ለእሷም መልካም ነው፤ ታማሚ ናት፣ በአደባባይ ባትዋረድ ይሻላል።»

«ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነህ?»

«እኔ እንኳ ለከተማው ሰላም የማስብ ሰው ነኝ።»

ለከተማ ሰላም የሚያስብ፣ መሥሪያ ቤት የሌለው፣ ከረባት ያሰረ ሰው! «ወንድሜ» አልኩት፣ «የኔ ዕቃ አያስቸግርም። የማስቸግረው እኔ ነኝ።» ሻዩን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ከዚያ በኋላ በሥራዬ ላይ እብድ ሆንኩ። በአንዱ ማይክ ፋንታ ሁለት አዘጋጀሁ። የከተማውን መብራት ስላላመንኩ የራሴን ጄኔሬተር ይዤ ሄድኩ፤ ነዳጁንም ራሴ አሸትቼ ሞላሁ። ጃኮቹን ሁሉ ማንም በቀላሉ እንዳይነቅላቸው በናስትሮ ጠቀለልኩ። የስብሰባው አዳራሽ ለሰዉ እንደማይበቃ ሳይ አንድ ሆርን አውጥቼ በግቢው የጽድ ዛፍ ላይ ሰቀልኩ።

አንድ አስተባባሪ እየሮጠ መጣ። «ውጭ ላለው ሰው ድምፅ ይሰጥ አልተባለም። የተጋበዘው ውስጥ ነው ያለው።»

«ይህ ካልተሰቀለ ያልተጋበዘው በሩን ሰብሮ ይጋበዛል» አልኩት። የግቢውን ሕዝብ ዞር ብሎ አየና ወደ ውስጥ ተመለሰ።

ስብሰባው ተጀመረ። ባለ ከረባቱ ከፊት ረድፍ ተቀምጧል። እኔን ሲያይ እንደ ቀድሞ ወዳጅ እጁን አነሣልኝ።

የኮሚቴው አባላት እርስ በርስ ያልተስማሙበት ነገር ያው ከድጃ የነገረችኝ ቃል ሆኖ ተገኘ። አንዲት ሴት አባል «ካሳ መባል አለበት» አሉ። «ሰዎቹ ለማኝ አይደሉም። ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ ጉዳት ያደረሰ አለ።» ቆንጆ ንግግር ነበር። ግን እየተናገሩ ዓይናቸው ከቴሌቪዥን ካሜራው አይነቀልም፤ ጠረጠርኳቸው።

ሐኪም የነበሩ ሌላ አባል ተነሡ። «ካሳ ካልን በየጊዜው ጥፋተኛ ልንፈልግ ነው። ነገ ሐኪም ሁሉ እጁን አጥፎ ይቀመጣል፤ የሚጎዳው ያው ታካሚው ነው። ድጋፍ እንበለው፤ ቶሎ ይድረሳቸው» አሉ። ይህም አነጋገር ልብ ይገባል። ሆኖም ‹ቶሎ› የሚለው ቃል ሲደጋገም ከወዲያ የቸኮለ ሰው እንዳለ ስለሚሰማኝ እሳቸውንም ጠረጠርኩ።

ከድጃ ተጠራች። ማይኩን ካፏ አንድ ስንዝር አርቃ ያዘች። ጣቴን ማዞሪያው ላይ አደረግኩ።

ጥርሷን እንዴት እንደ ታመመች፣ ክሊኒኩ ውስጥ ከእሷ በፊት የተነቀለለት ሰው ደሙን እየጠረገ ሲወጣ እንዳየች፣ መንቀያውን በጨርቅ ጠርገው ወደ እሷ እንደ መጡ ተናገረች። ባለ ከረባቱ ዘወር ብሎ አየኝ። ወዲያውም የኮሚቴው ሰብሳቢ ጆሯቸውን በጣታቸው ነኩ።

ደሜ ፈላ። ያቺን ምልክት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃታለሁ። ማዞሪያውን ጨብጬ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አላልኩም። ሰብሳቢው እንደገና ነኩ፣ ከዚያም እኔን ፈልገው አገኙኝ። «ባለሙያው!» አሉ፣ «እባክህ ጨምርልኝ፤ ይህኛው ጆሮዬ አይሰማም። ልጅቷ የምትለው እንዳያመልጠኝ።»

አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም ፊቴ ቀላ። ጨመርኩላቸው። ግን ደግሞ ‹በግድ ልስማ የሚል ሰብሳቢ ምን ፈልጎ ነው?› ብዬ ሌላ ጥርጣሬ ጀመርኩ።

«ባሌ ቤት ‹ከማን አመጣሽው› ተብያለሁ» አለች ከድጃ። «ከማን እንዳመጣሁት ይኸው ነገርኳችሁ። እኔ ብር አልጠይቅም። ብሩን ለሌሎቹ ስጡ። ሕጉ ላይ ካሳ በሉልኝ።»

ድምፁ ጥርት ብሎ ነበር። አላፏጨም፣ አልተቆራረጠም፤ የጽዱ ሆርን እስከ አስፋልቱ አድርሶታል። ሰው አጨበጨበ። ጭብጨባውን የጀመረው ባለ ከረባቱ ነበር።

ሰብሳቢው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኗት። እውነተኛ ኀዘን ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። ከዚያ አጠገባቸው ለሚጽፈው ሰው «ተጎጂዋ ድጋፉ በአፋጣኝ እንዲሰጥ ጠይቀዋል» አሉት፤ ማይካቸው ክፍት ስለ ነበር ሁላችንም ሰማን።

«ካሳ ነው ያልኩት» አለች ከድጃ።

«ልጄ፣ በቃላት አንጣላ። ዋናው እርዳታው እንዲደርስሽ ነው።»

ከድጃ ማይኩን አስቀምጣ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። እንዴት እንደ ተናደድኩ አልነግራችሁም። እኔ ሌባ ስጠብቅ የከረምኩት በገመዱ በኩል ነበር። ጃኩን በናስትሮ ጠቅልዬ፣ ነዳጅ አሽትቼ፣ ሁለት ማይክ አሰልፌ! ሌባው ግን ሴትየዋን አስጨርሶ፣ አመስግኖ፣ ቃሏን ብቻ ይዞባት ሄደ። ሌባ ማለቴ እንኳ ልክ አይደለም፤ ሰውየው የሰረቀ አልመሰለውም።

በዚህ መሐል በጎን በር ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። ከፊት ያሉትን፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉትንና ከዘራ የያዙትን፣ ግቢው ውስጥ ከሆርኑ ሥር ቆመው ሲሰሙ አይቻቸው ነበር። ከድጃ ስታያቸው ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበች። አጠገቤ የነበረው ሰው «ሐጂ እንድሪስ ናቸው፣ የደጋን ሰው፤ አማቷ» አለኝ።

በቃ፣ ሊያዋርዷት መጡ አልኩ በልቤ። ከደጋን ድረስ ሁለት ምስክር ይዘው የመጡት ለዚህ ነው። ሐጂ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡና «ማይኩን ወዲህ በል» አሉኝ።

«ምን ሊናገሩ ነው፣ አባቴ?»

«አንተ ማይክ ነህ ወይስ ቃዲ?»

ሰብሳቢውም «ሽማግሌው ይናገሩ» አሉ። ማይኩን ሰጠሁ፤ ጣቴን ግን ከማዞሪያው አላነሣሁም። አንድ ክፉ ቃል ብቻ ይውጣቸው፣ በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ድምፅ በገዛ ፈቃዴ ላጠፋ ቆርጬ ነበር።

ሐጂ ማይኩን ከአፋቸው በጣም አርቀው ያዙት። ጨመርኩላቸው።

«አሰላሙ አለይኩም። እኔ እንኳ ልናገር አልመጣሁም፤ ልሰማ ነው የመጣሁ። ውጭ ሁኜ ሰማሁ። እናንተ ካሳ፣ ድጋፍ እየተባባላችሁ ትከራከራላችሁ። እኛ ዘንድ መጀመሪያ ሰው ይቆማል። ‹አጥፍቻለሁ› ይላል። ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ ቤት የቆመ ሰው አልሰማሁም።»

ከዘራቸውን ለአንደኛው ጓደኛቸው ሰጡና ያለ ድጋፍ ቆሙ።

«እንግዲያው እኔ ልቁም። ይህች ልጅ የኔ ምራት ናት። ጥርሷን አሟት ከቤቴ ወጣች፤ ታማ ስትመለስ ‹ከማን አመጣሽው› አልናት። ያልኩት እኔ ነኝ፤ ልጄም ከኔ ሰምቶ አለ። ሐቋን በልተናል። አጥፍቻለሁ።»

አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ሆነ። ማንም አላጨበጨበም። ባለ ከረባቱ ስልኩን ያያል። እኔ እንባዬ መጣ፤ ማንም እንዳያየኝ ሚክሰሩ ላይ አጎነበስኩ።

ሁላችንም ከድጃን አየን። እንደምትነሣና የአማቷን ጉልበት እንደምትስም ነው የጠበቅነው። ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።

«ሰምቻለሁ፣ አባባ» አለች። ማይክ አልያዘችም፤ ግን ሁሉም ሰማት። «መጀመሪያ ልጄን አምጡልኝ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

«መርሐባ፣ ይሁን» አሉ ሐጂ። ማይኩን መልሰውልኝ፣ ከዘራቸውን ተቀብለው ወጡ። ሰብሳቢው የሻይ ዕረፍት አወጁ።

የምክር ቤቱን ክርክር በኋላ ያየሁት ኮምቦልቻ፣ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ፣ በቴሌቪዥን ነው። ያው ሁለቱ ቃላት ቀረቡ። አንዱ ተነሥተው የተጎጂውን ክብር አስታወሱ፣ ሌላው የሐኪሙን ሥጋት አስታወሱ፤ ሌላ አባል ደግሞ «የማካካሻ ድጋፍ» ብንለውስ የሚል ሐሳብ አመጡ። ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበረ ሾፌር «ግማሽ እርጉዝ በሏታ!» ብሎ ሳቀ። ረቂቁ እንደገና ይታይ ተባለና ወደ ኮሚቴው ተመለሰ። ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነበር። ባለሙያውን ባውቀው አመሰግነው ነበር።

የከድጃ ልጅ መመለሷን ሰው ነግሮኛል፤ ባይኔ ካላየሁ ብዬ አላመንኩም። ለገበያ ማስታወቂያ ሥራ ቢስቲማ በሄድኩ ጊዜ የከድጃን አባት ቤት ጠይቄ ደረስኩ። ከድጃ ደጅ ላይ ተቀምጣ የልጇን ጸጉር ትሠራለች። ልጅቷ እየተቁነጠነጠች አስቸግራታለች።

«ሐጂ ራሳቸው አመጧት» አለችኝ።

«ባልሽስ?»

«መጥቶ ነበር። ‹አባቴ ተናግሯል፣ ይበቃል፣ ወደ ቤት ግቢ› አለኝ። አባቱ የራሱን ጥፋት ነው የተናገረ። እሱም ቁሞ የራሱን ይበል። እስተዚያው እዚህ ነኝ።»

እኔ ደግሞ ሐጂ ልጅቷን መልሰው እንዳይወስዷት ተጠንቀቂ አልኳት። ሳቀችብኝ። ቀጥላ «ሕጉስ?» አለች።

«ኮሚቴው ጋር ነው።»

«ካሳ አሉት?»

«ገና እየተከራከሩ ነው።»

«ክሊኒኩስ? አጥፍቻለሁ አለ?»

«አላለም።»

«አይ!» አለችና ማበጠሪያውን አንሥታ የልጇን ጸጉር መክፈል ቀጠለች።

ሱቁን አሁን ዘግቻለሁ። ሞንታርቦዎቹንም ሚክሰሩንም ለአንድ የደሴ ወጣት ሸጬለታለሁ፤ አልፎ አልፎ እየደወለ ስለ ፉጨትና ስለ ገመድ ይጠይቀኛል። አንድ ቀን ከሥራው ምን ተማርክ አለኝ። መጠርጠር ተማርኩ አልኩት፤ እሱን ግን ጋሽ ታደሰም ያውቁት ነበር። ሌላው ይህ ነው፦ ድምፅ ማጉያ የተባለውን ያጎላል፤ ያልተባለውን አያጎላም።